ግድግዳው የረጠበው ከየት ነው?

ግድግዳ ላይ የእርጥበት ምልክት ሲወጣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው። ቀቢው የተላጠውን ይፍቃል፣ ስቱኮ ይቀባል፣ አንዳንዴም ውሃ አያሳልፍም ብሎ የዘይት ቀለም ይደርብበታል። ለተወሰነ ጊዜ ያምራል። ከዚያ ቀለሙ ይነፋል፣ ነጭ ዱቄት ይዞ ይረግፋል፣ ምልክቱም ሰፍቶ ይመለሳል። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም፤ ውሃው አሁንም እየገባ ነው። የዘይት ቀለሙ ግን ነገሩን ያባብሰዋል፤ ግድግዳው በክፍሉ በኩል እንዳይተነፍስ ስለሚዘጋው እርጥበቱ ወደ ጎንና ወደ ላይ ሄዶ ሌላ መውጫ ይፈልጋል።

ሁለተኛው የተለመደ እርምጃ ምልክቱ ያለበትን ቦታ በመዶሻ መክፈት ነው። ልስኑ ይወርዳል፣ ብሎኬቱ ይሰበራል፣ እዚያ ጋ ግን ቧንቧ የለም። ወጪው ወጥቶ ምክንያቱ አልታወቀም። ስለዚህ መፍቻም መዶሻም ከመነሳቱ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ እርጥበቱ የት ታየ የሚለው ሳይሆን መቼ ይሰፋል፣ መቼ ይሰበሰባል የሚለው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ማስመሪያና የሁለት ሳምንት ትዕግስት ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር አለ። ምልክቱ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም ሶኬት አጠገብ ከሆነ የዚያን መስመር ብሬከር አጥፉ፤ ግድግዳውንም በእጅ አትዳስሱ። እርጥብ ልስን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ቦታው ለምን ያሳስታል

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤት ኮንክሪት ኮለንና ቢም (ቋሚና አግድም ምሰሶ) ቆሞለት መሃሉ በብሎኬት የተሞላ ነው። ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ነው። ከላይ በመስኮት ጥግ ወይም በፓራፔት (በጣሪያው ዙሪያ ከፍ ብሎ በሚሠራው አጭር ግድግዳ) ስንጥቅ የገባ ውሃ በብሎኬቶቹ ባዶ ክፍል ውስጥ ቁልቁል ይወርድና ግሬድ ቢም (ከግድግዳው ስር ያለው የመሠረት ቢም) ወይም ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል ወይም ጣሪያ) ሲያገኝ ይቆማል። እዚያ ይጠራቀምና ከዞኮሎው (ከግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) በላይ ባለው ልስን በኩል ብቅ ይላል። የሚያየው ሰው "ከመሬት ነው የመጣው" ይላል። ውሃው ግን የገባው ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ነው።

የኮንዶሚኒየም ወለል ደግሞ ሌላ መንገድ ይሰጠዋል። ብዙዎቹ ብሎኮች የተሠሩት ተሠርተው በመጡ ቢሞችና በመካከላቸው በሚደረደሩ ክፍት ብሎኬቶች፣ ከላያቸውም በሚፈስ ስስ ኮንክሪት ነው። ከፎቅ ሻወር ቤት የሰረገ ውሃ ብሎኬቶቹ ውስጥ ገብቶ የቢሙን አቅጣጫ ይዞ ይጓዛል፤ የሚንጠባጠበውም ከሻወሩ ስር ሳይሆን ሳሎን ወይም መኝታ ቤት ሊሆን ይችላል። ከሴራሚኩ ስር ያለው የአሸዋና የሲሚንቶ መደብም እንዲሁ ውሃውን አምቆ ወደ ዝቅተኛው ጥግ ይወስደዋል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሦስተኛ መንገድ የመብራት መስመር የሚያልፍበት የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ሶሌታ ውስጥ የተቀበረ ቱቦ አንዱ ጫፉ ውሃ ካገኘ ውሃውን እስከ ማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ድረስ ያደርሰዋል። በማብሪያ ማጥፊያ ዙሪያ ብቻ ክብ ሠርቶ የሚታይ እርጥበት ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

እርሳስና መዝገብ

የምልክቱን ዳር በእርሳስ ዙሪያውን አስምሩ፣ መስመሩ ላይ ቀኑን ጻፉ። በየሁለት ቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ አዲስ መስመር ካስፈለገ ጨምሩ። ከጎኑ በደብተር ላይ አራት ነገር መዝግቡ፦ ዝናብ ዘነበ ወይ፣ የመንግሥት ውሃ መጣ ወይ፣ ሻወር ቤቱ ስንት ጊዜ ተሠራበት፣ ምልክቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ሄደ።

የውሃ ፈረቃ ለኑሮ አስቸጋሪ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ትልቅ ማስረጃ ነው። ምልክቱ ውሃ በመጣ ማግስት እየሰፋ በሌለበት ቀን የሚሰበሰብ ከሆነ ችግሩ ከቆጣሪው እስከ ታንከሩ ባለው መስመር ወይም በራሱ በታንከሩ ላይ ነው። ውሃ ኖረም አልኖረም በየቀኑ እኩል የሚሰፋ ከሆነ ከታንከሩ በኋላ ያለውን መስመር ጠርጥሩ፤ ታንከሩ ሁልጊዜ ይገፋዋልና። ሰው ሲታጠብ ብቻ የሚሰፋ ከሆነ ፍሳሹ ወይም የሻወር ወለሉ ነው። ዝናብ በዘነበ በሰዓታት ውስጥ የሚጨምር ከሆነ ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ መስኮት ወይም የውጭ ግድግዳ ስንጥቅ ነው። ዝናብ ከቆመ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ውሃው መሬት ውስጥ ወይም ሶሌታ ላይ ተጠራቅሞ ቀስ እያለ የሚገባ ነው። በበጋ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚታይ ከሆነ ከአየር የሚመጣ ጤዛ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ጥርጣሬዎች እንጂ ፍርድ አይደሉም። እያንዳንዱ የራሱ ማረጋገጫ አለው።

የቧንቧ መስመር

ከቆጣሪው ጀምሩ። ውሃ በመጣ ቀን ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ፣ የታንከሩን መግቢያ ቫልቭም ዝጉ። ከዚያ ቆጣሪው ፊት ላይ ያለችውን ትንሽ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን ተመልከቱ። የምትዞር ከሆነ መስመሩ ላይ ማፍሰስ አለ። የማትዞር ብትመስልም ቀዮቹን ቁጥሮች ጻፉና ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። ውሃው ገና እንደመጣ ግን ይህን አትሞክሩ፤ ባዶ ቆይቶ የሞላ መስመር ውስጥ ያለው አየር ቆጣሪውን ስለሚያሽከረክረው ያሳስታችኋል። ፍሰቱ እስኪረጋጋ ጠብቁ።

ቆጣሪ በጣም ትንሽ ማፍሰስን አይቆጥርም። ግድግዳ ለማርጠብ ደግሞ ትንሽ ይበቃል። ስለዚህ ከቆጣሪው ይልቅ የሚታመነው የታንከሩ ፈተና ነው፣ በሦስት ሌሊት ይጠናቀቃል። በመጀመሪያው ሌሊት የታንከሩን መግቢያ ዝጉ፣ ማንም ውሃ እንዳይጠቀም አድርጉ፣ የውሃውን ከፍታ በውስጥ በኩል ምልክት አድርጉ። ጠዋት ወርዶ ከተገኘ በሁለተኛው ሌሊት የታንከሩን መውጫ ጭምር ዘግታችሁ ድገሙ። መውረዱ ከቆመ የሚያፈሰው የቤቱ መስመር ነው፤ ካልቆመ ታንከሩ ወይም ቫልቩ ራሱ ነው። በሦስተኛው ሌሊት የታንከሩን መውጫ ክፈቱና የቦይለሩን የቀዝቃዛ መግቢያ ብቻ ዝጉ። አሁን ካልወረደ ጥፋቱ የሙቅ ውሃ መስመር ላይ ነው። ለስሌት ያህል፣ የውስጥ ስፋቱ 1.10 ሜትር የሆነ ክብ ታንከር ውስጥ ውሃው አንድ ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ወደ 9.5 ሊትር ጠፍቷል ማለት ነው።

ታንከሩ ራሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቸል ይባላል። የተንሳፋፊው ቫልቭ ጎማ ሲያልቅ ታንከሩ ሌሊት ሞልቶ በትርፍ ማፍሰሻው ይፈሳል። ማፍሰሻው ወደ ግድግዳው የዞረ ከሆነ ቤተሰቡ ተኝቶ እያለ ግድግዳው ይታጠባል። ጠዋት ሲነሱ ውሃው ቆሟል፣ ግድግዳው ግን ርሷል። ውሃ በሚመጣበት ሌሊት አንድ ጊዜ ወጥቶ ማየት ይህን ያጣራል።

መስመሩ ላይ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ የሚለየው የግፊት ሙከራ ነው። ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ያለው የእጅ ፓምፕ አለው። ቦይለሩና ፍሌክሲብሎቹ (ተጣጣፊ ቱቦዎቹ) ተፈተው ጫፎቹ በታፕ (በመክደኛ) ይዘጋሉ፣ አየሩ ይወጣል፣ ከዚያ እስከ 6 ባር ይገፋል። ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ) ቧንቧ ሲገፋ ትንሽ ስለሚለጠጥ መጀመሪያ ላይ ጌጁ መውረዱ አያስደነግጥ፤ መልሶ ሞልቶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ እንደገና አስተካክሎ ለሁለት ሰዓት መተው ነው። በሁለቱ ሰዓት ውስጥ ከ0.2 ባር በላይ መውረድ የለበትም። ያረጀ የብረት መስመር ላይ ይህን ያህል መግፋት አይመከርም፤ የሳሳው ሌላ ቦታ ሊፈነዳ ይችላል።

የፒፒአር መስመር አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው ከቧንቧው መሃል ሳይሆን ከመገጣጠሚያው ነው። መበየጃው 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፤ 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ 25 ሚሊ ሜትሩ 7 ሰከንድ፣ 32 ሚሊ ሜትሩ 8 ሰከንድ ይሞቃል። መብራት ሲዋዥቅ መበየጃው ሳይሞቅ የተገጠመ መጋጠሚያ ለጊዜው ይይዝና ከወራት በኋላ ያንጠባጥባል። ከመጠን በላይ የሞቀው ደግሞ ቀልጦ ውስጡን ጠባብ ያደርገዋል። እርጥብ ወይም አቧራ የያዘ ጫፍም እንዲሁ አይያዝም። ሌላው ደካማ ቦታ ቧንቧው ወደ ቴስታ (ወደ ውሃ መክፈቻው) የሚወጣበት የናስ ጥርስ ያለው መጋጠሚያ ነው፦ ቴፍሎን በብዛት ተጠምጥሞ በመፍቻ ሲጠብቅ ናሱን የያዘው ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። በሻወር ማደባለቂያው ጀርባ፣ ሌላኛው ክፍል ውስጥ በ1 ሜትር ከፍታ ገደማ የሚታይ ክብ እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ቦይለር ካለ ከስሩ ያለውን የደህንነት ቫልቭ እዩት። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 1.7 ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ይህ ትርፍ በቫልቩ ይወጣል። መንጠባጠቡ ጤናማ ነው። ቱቦ ተቀጥሎለት ወደ ፍሳሽ ካልተወሰደ ግን በየቀኑ ግድግዳውን ያርሳል። ቫልቩን መዝጋት በፍጹም አይገባም፤ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል።

ሻወር ቤት

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ሰው የሚጣላበት ነው፣ በተለይ ላይኛውና ታችኛው ፎቅ የተለያየ ባለቤት ሲኖረው። ጠቡን የሚያበርደው ደረጃ በደረጃ የተሠራ ፈተና ነው፤ አንዱ ካለቀ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይጠበቅ ወደሚቀጥለው አይታለፍም፤ አለበለዚያ የትኛው እንዳረጠበው አይለይም።

መጀመሪያ ለአራት አምስት ቀን ሻወሩን አትጠቀሙበት። ምልክቱ ሳይሰበሰብ ከቀጠለ ጥፋቱ ግፊት ያለው ቧንቧ ላይ ነው፣ "የቧንቧ መስመር" ወደሚለው ርዕስ ተመለሱ። ከተሰበሰበ ቀጥሉ።

ቀጥሎ ፍሳሹ ብቻ ይፈተናል። የወለሉን መክደኛ አንሱና በጎማ ቱቦ ወይም በማንቆርቆሪያ 30 ሊትር ያህል ውሃ ቀጥታ ወደ ቱቦው አፍስሱ፤ ወለሉን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ውሃው ላይ የምግብ ቀለም ጨምሩበት፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ። ታች ቀለም ከታየ የ50 ሚሊ ሜትሩ የፒቪሲ መስመር መጋጠሚያ ወይም ሲፎኑ (ሽታ የሚያግደው የቱቦ ማጠፊያ) ነው። ፒቪሲ ሳይጸዳና ሙጫው ሳይዳረስ ከተገጠመ የሚያፈሰው እንዲህ፣ ውሃ ሲያልፍበት ብቻ ነው።

ፍሳሹ ፈተናውን ካለፈ ወለሉ ይፈተናል። የፍሳሹን አፍ አሸዋ በሞላ ፌስታል ድፈኑ፣ ወለሉን በ2 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሙሉትና የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጉ። 1.20 በ1.20 ሜትር ለሆነ ወለል ወደ 29 ሊትር ይበቃል። ለ24 ሰዓት ተዉት። በትነት የሚጠፋው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ከወረደ ወይም ታች ከረጠበ ወለሉ ያሳልፋል ማለት ነው። በጣም የተለመደው መግቢያ ሴራሚኩ ሳይሆን የፍሳሹ አንገትና ኮንክሪቱ የሚገናኙበት ዙሪያ ነው።

ወለሉም ፈተናውን ካለፈ ፍሳሹን ክፍት አድርጋችሁ የግድግዳውን ሴራሚክ በእጅ ሻወር ለ20 ደቂቃ እርጩ፤ መጀመሪያ ጥጎቹን፣ በሌላ ቀን ደግሞ የማደባለቂያውን ዙሪያ። በመጨረሻ የመጸዳጃውን ታንክ በቀለም ሞልታችሁ ልቀቁ፤ መቀመጫው ከ110 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ጎማ ተጣሞ ወይም ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ወለሉ ማሳለፉ ከተረጋገጠ በሴራሚኩ መሃል ሲሊኮን መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ይህን ደፍረን እንናገራለን። ሴራሚክና መሙያው ውሃ አይከለክሉም፣ ውሃ የሚከለክለው ከስራቸው ያለው ሽፋን ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ሽፋኑ ጭራሽ አልተሠራም። ትክክለኛው ጥገና ሴራሚኩን አንስቶ፣ ወለሉን ወደ ፍሳሹ በሜትር ቢያንስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ማዘንበል፣ ጥጎቹን በጨርቅ ጥብጣብ ማሰር፣ ከዚያ ከሲሚንቶና ከፈሳሽ የሚቀላቀለውን ተለጣጭ ውሃ መከላከያ በሁለት እጅ በድምሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል መቀባት ነው። ሽፋኑ ግድግዳው ላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ሰው በሚታጠብበት ጎን እስከ 2 ሜትር ይወጣል። ከደረቀ በኋላ ሴራሚክ ሳይገባ እንደገና ለ24 ሰዓት ውሃ ይሞላበታል። ይህን የመጨረሻውን ሙከራ ሠራተኛው "አያስፈልግም" ካለ አትቀበሉት።

ዝናብ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር ውሃ በአሸንዳው ማለፍ አለበት። አሸንዳው ቅጠል ከያዘ ወይም መውረጃው ከጠበበ ያ ሁሉ የሚሄደው ወደ ግድግዳው ነው።

ፓራፔት ያላቸው ቪላዎች ላይ አሸንዳው ከፓራፔቱ ጀርባ ተደብቆ ስለሚሠራ ሲሞላ ከውጭ አይታይም። በረዶ በወረደ ቀን ደግሞ መውረጃው አፍ ላይ በረዶው ይከመርና ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ስር ወደ ኮርኒሱ ይገባል። ሌላ ጊዜ ደህና ሆኖ በረዶ ሲጥል ብቻ የሚያፈስ ቤት ምክንያቱ ይህ ነው፤ ጣሪያ መቀየርም አያስፈልገውም። መፍትሔው ከአሸንዳው የውስጥ ጠርዝ ዝቅ ብሎ ፓራፔቱን በስቶ የሚወጣ የትርፍ ውሃ መውጫ ማበጀት ነው።

ቆርቆሮው ላይ ምስማሩ በማዕበሉ ጀርባ እንጂ በሸለቆው እንዳልተመታ፣ ጎማውም በፀሐይ እንዳልተሰነጠቀ እዩ። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ላይ በርዝመቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መደራረብ አለበት፤ ተዳፋቱ አነስተኛ ከሆነ ከ20 በላይ።

የውጭ ግድግዳ ላይ በብዛት ውሃ የሚያስገባው ኮለኑና ብሎኬቱ የሚገናኙበት ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው። ሁለቱ በሙቀትና በብርድ የሚንቀሳቀሱት እኩል ስላልሆነ ልስኑ እዚያ ላይ ይከፈላል። ኳርትዝ ቀለም ለጊዜው ይደብቀዋል እንጂ አይዘጋውም። ስንጥቁን በቪ ቅርጽ ከፍቶ በሚለጠጥ ማሸጊያ መሙላት፣ ከባድ ከሆነ ደግሞ ልስኑን አንስቶ በሁለቱም ጎን 15 ሴንቲ ሜትር የሚይዝ የሽቦ መረብ አስሮ መለሰን ይገባል። የመስኮት ደፍ ወደ ውጭ ያዘነበለ፣ ከግድግዳውም 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ወጣ ያለና ከስሩ ውሃ የሚያቋርጥ ቦይ ያለው መሆን አለበት፤ ቦዩ ከሌለ ውሃው በደፉ ስር ተመልሶ ግድግዳውን ተከትሎ ይወርዳል።

ጥርጣሬው በበጋ ሊፈተን ይችላል፣ ክረምት መጠበቅ የለበትም። ጎማ ቱቦ ይዛችሁ ከታች ጀምሩ። ከመስኮቱ በታች 15 ደቂቃ፣ ከዚያ የመስኮቱ ጎን 15 ደቂቃ፣ ከዚያ የመስኮቱ ራስጌ፣ ከዚያ ፓራፔቱ። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም እያረጠበ ስለሚወርድ በየትኛው እንደገባ አይታወቅም።

ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ እንደ ሻወር ወለሉ ውሃ ሞልቶ ይፈተናል። 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ስለሚመዝን ግን ያረጀ ወይም የተሰነጠቀ ሶሌታ ላይ በመሐንዲስ ሳይታይ አይሞከርም።

ከመሬት የሚወጣ

ከመሬት የሚመጣ እርጥበት አግድም መስመር ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ ከወለሉ ከ1 ሜትር አያልፍም፣ በላይኛው ዳሩም ላይ ነጭ ጨው ይተዋል። የውጭ ግድግዳ ብቻ ሳይሆን የመሃል ግድግዳዎችንም ስር ስሩን ይይዛል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ለምሳሌ በአንድ መስኮት ስር፣ የሚታይ ከሆነ ከመሬት መሆኑን ተጠራጠሩ።

መለያው ቀላል ነው። ከውጭ በኩል፣ ቧንቧና የመብራት መስመር እንደሌለ ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ ከግሬድ ቢሙ በላይ ባለው የመጀመሪያው ብሎኬት ግርጌ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብሱ። ውሃ ከፈሰሰ የመጣው ከላይ ወይም ከቧንቧ ነው። ከመሬት ተስቦ የሚወጣ እርጥበት በብሎኬቱ አካል ውስጥ እንጂ በባዶው ክፍል ውስጥ ተጠራቅሞ አይፈስም።

በእርግጥ ከመሬት ከሆነ ወደ ውጭ ውጡና የግቢውን ከፍታ ከውስጥ ወለል ጋር አወዳድሩ፤ ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይበቃል። ቤቱ ሲሠራ ትክክል የነበረ ከፍታ ግቢው ኮብልስቶን ሲነጠፍ፣ አበባ ሲተከል፣ መንገዱም ከፍ ሲል ይጠፋል። የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት፣ ከግድግዳው እየራቀም በሜትር 5 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። የጣሪያው መውረጃ ከግድግዳው ስር የሚያፈስ ከሆነ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ውሰዱት። ብዙ "የመሬት እርጥበት" በነዚህ ሁለት ሥራዎች ብቻ ይቀንሳል፤ ኬሚካል መርፌ (ግድግዳው ውስጥ ተወግቶ እርጥበት የሚያግድ) ከመግዛት በፊት አካፋ ይቅደም። እንደ ቦሌና አቃቂ ባሉ ጥቁር አፈር ባለባቸው ሰፈሮች ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ መሠረት ስር የተጠራቀመ ውሃ ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ የተቀበረ ቧንቧም ይሰብራል።

የጭቃ ቤት ላይ አንድ ነገር ብቻ እንበል። እርጥብ የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን ቤቱን መጉዳት ነው። ጭቃው ውሃውን በሁለቱም ጎን ሲያወጣ ኖሯል፤ ሲሚንቶ ሲዘጋበት እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይመቸዋል። በጭቃና በጭድ ወይም በኖራ መጠገን፣ ግርጌውን ግን በድንጋይ ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ከአየር የሚመጣ

የክፍሉ ሙቀት 18 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 70 በመቶ ከሆነ ከ12 ዲግሪ ገደማ በታች የቀዘቀዘ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይቋጠራል። የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት የኮንክሪት ቢምና ኮለንን እስከዚያ ያቀዘቅዛል። መታወቂያው ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ ነው፦ በጣሪያ ጥግ፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ በአልጋ ራስጌ። ጨው የለውም፣ ጥርት ያለ ዳርም የለውም።

ማረጋገጫው 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የአሉሚኒየም ፎይል ነው። ግድግዳውን በፀጉር ማድረቂያ አድርቁ፣ ፎይሉን አራቱንም ዳር በፕላስተር አሽጉ፣ ለ48 ሰዓት ተዉት። ውሃው በክፍሉ በኩል ባለው ፊት ላይ ከታየ ከአየር ነው፤ ከጀርባው ከታየ ከግድግዳው ውስጥ ነው። ሁለቱም ከረጠቡ ሁለቱም ችግር አለ፣ ይህም ያጋጥማል። ከአየር ብቻ ከሆነ ቁም ሳጥኑን 10 ሴንቲ ሜትር ማራቅ፣ ልብስ ቤት ውስጥ አለማስጣት፣ ምጣድ ሲጣድና ሻወር ሲወሰድ መስኮት መክፈት አብዛኛውን ይፈታዋል።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ካለ አንድ ነገር ይወቅ፦ ባለ ሁለት እሾሁ መለኪያ የተሠራው ለእንጨት ነው። ጨው ያለበት ልስን ላይ ደረቅም ሆኖ ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል። የሚጠቅመው አንዱን ቦታ ከሌላው ለማወዳደር ብቻ ነው።

ከተገኘ በኋላ

ምክንያቱ ሲዘጋ ምልክቱ ወዲያው አይጠፋም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የእርሳስ መስመሮቹ ወደ ውስጥ ከተሰበሰቡ ጥገናው ሠርቷል። ጨው የጠጣው ልስን ከምልክቱ ዳር 30 ሴንቲ ሜትር አልፎ እስከ ብሎኬቱ ይነሳ፤ ጨው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ከተተወ ውሃው ከቆመም በኋላ ያረጥበዋል። ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፣ አትጠቡት፤ ውሃው ጨውን መልሶ ያስገባዋል። ግድግዳው ከነብሎኬቱ ክፍት ሆኖ፣ መስኮት ተከፍቶ ይድረቅ፤ 20 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ በደንብ ከራሰ ወራት ይፈልጋል። ከዚያ በታጠበ አሸዋ፣ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ ይለሰን። ግርጌ ላይና ሻወር ቤት አጠገብ ጂፕሰም አትጠቀሙ። አዲሱ ልስን ቢያንስ አራት ሳምንት ይቆይ፣ ቀለሙም ግድግዳውን የሚያስተነፍስ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ይሁን።

ግድግዳው ተከፍቶ ቧንቧው ከታየ ደግሞ ሳይዘጋ በፊት ሜትር ዘርግታችሁ ከወለሉና ከጥጉ ያለውን ርቀት በሚያሳይ መልኩ ፎቶ አንሱት፤ ፎቶውን ከቤቱ ካርታና ፕላን ጋር አስቀምጡት።